በሞላ ቤት ያስራብኳት ሯጭ

ጨካኝ ሰው ማየት የፈለገ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ይምጣና «ልብስ ሰፊው የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከስፌት መኪና ኋላ ሆዱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እያታገለ፣ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የተቀመጠ ሰው ካገኘ እኔ ነኝ። ፊቴን አይታችሁ አትሸወዱ። ምግብ በሞላበት ቤት፣ ባለቤቴ ዘምዘም ድስት ሳትጥድ በማትውልበት ቤት፣ አንዲት ሯጭ ልጅ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ በረሃብ የቀጣሁ ሰው ነኝ። ያውም እያደነቅኳት።

ክፋት ኖሮብኝ አይደለም፤ አውቃለሁ ባይነት ነው። ክፉ ሰው እንኳ አንዳንዴ ይደክመዋል። አውቃለሁ ባይ ግን ስልኩ ቻርጅ እስካለው ድረስ አይደክመውም።

ነገሩ የጀመረው አባ ዱራ ረቡዕ ዕለት ሱቄ ሲመጣ ነው። አባ ዱራ ሊሙ ገነት አጠገብ ቡና ያለው ገበሬ ነው። ለየዒዱ ሱሪ የሚያሰፋው እኔ ዘንድ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ወገቡን ስለካው አንድ ጣት ጨምሮ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር ቅር ይለኛል። የዚያን ዕለት ግን በጨርቅ ፋንታ ልጁን ይዞ መጣ። ኢፍቱ ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እግሯ ረጅም፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ዓይኗ ከመሬት የማይነሳ ጨዋ ልጅ ናት።

አባ ዱራ ወንበር ስቦ ሁሉንም አስረዳኝ። እሁድ አጋሮ ላይ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ከአዲስ አበባ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ይመጣና ከሴቶቹ ቀድመው የሚገቡትን ሦስቱን ይወስዳል። ኢፍቱ እስከዚያ ጅማ ስታዲየም ከጓደኞቿ ጋር ልምምድ ስላላት እኔ ቤት ትሰንብት፤ ቅዳሜ ደግሞ አጋሮ ይዤያት ልሂድ። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ከባዱ ቀጥሎ መጣ። አምና እንዲህ ያለ ሩጫ ሲደረግ አክስቷ ቤት አድራ ኖሯል። አክስቷ በሩጫው ጠዋት «ጉልበት ይሆንሻል» ብላ ቅቤ የሚንሳፈፍበት ጨጨብሳ አስበላቻት። ኢፍቱም ግማሽ መንገድ ላይ ጨጨብሳውን ለአስፋልቱ መለሰችለት። አሰልጣኙ ሌሎቹን ይዞ ሄደ።

«ዘንድሮ ካልሆነላት በቃ፣ መሮጡ ቀረ፤ ቤት ትቀመጣለች» አለኝ አባ ዱራ። «አደራ፣ እንደ አክስቷ እንዳታደርጓት።»

አደራዋን ሲጥልብኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኢንሻአላህ» አልኩ። በልቤ ግን ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ምክንያቱም ስለ አትሌት አመጋገብ እኔ የማላውቀው የለም። ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ሸሚዝ ያልለበሰ ፈረንጅ ነው፤ ሆዱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ሸንተረር ሸንተረር ያለ። ትልቅ ሰሃን ያመጣና መሃሉ ላይ ሦስት ቅጠል ያስቀምጣል። አንዷን ቅጠል ረጅም ጊዜ ያኝካታል። ከዚያ ፈገግ ይልና እየሮጠ ይወጣል። የሚናገረው ባይገባኝም ቅጠሎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ።

አሁን እኛ ዘንድ እንግዳ እንዴት እንደሚበላ ልንገራችሁ። ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። እንግዳው መጀመሪያ ሲጠየቅ «በልቻለሁ» ይላል፤ የበላው ትናንት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ አፌ ላይ ነው» ይላል። ሦስተኛው ላይ ባለቤት «ወላሂ ትበላለህ» ብሎ ይምላል። እንግዳው ያን ጊዜ በግድ እንደተያዘ ሰው ተንፍሶ፣ «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ እጁን ይታጠብና ትሪውን ያጸዳዋል። በመጀመሪያው ጥያቄ እጁን የሚታጠብ ሰው ቢገኝ ለሰባት ዓመት ስሙ ይነሳል። ዘምዘም በዚህ ጨዋታ ላይ የሚችላት የለም። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ በወላሂ አስቀምጣው፣ በልቶ በልቶ ቆጣሪውን ሳያነብ ወጥቷል።

እንግዲህ ረቡዕ ማታ ትሪው ከመቅረቡ በፊት ዘምዘምን ጓዳ ጠርቼ ሕግ አወጣሁ። እስከ እሁድ ድረስ በዚህ ቤት «ወላሂ» የለም። አትሌት ሆዷን ታውቃለች፤ በቃኝ ካለች በቅቷታል፤ ሁለተኛ የሚጠይቃት ሰው ከአክስቷ አይሻልም።

«አስተግፊሩላህ» አለች ዘምዘም። ለእንግዳ አለመማል ከሃይማኖት መውጣት መስሏት ነው።

ያን ማታ ዘምዘም ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ቆጮውን በጎን አድርጋ አቀረበች። ኢፍቱ አራት ጊዜ ጎረሰች። ቆጥሬያለሁ። ከዚያ እጇን ሰብሰብ አደረገችና «ቁፌራ» አለች። በአፋን ኦሮሞ ጠግቤያለሁ ማለት ነው። ዘምዘም አፏን ከፈተች፤ እኔ ዓይኔን አፈጠጥኩባት፤ አፏን ዘጋች። ትሪው ሲነሳ ኢፍቱ እስከ ጓዳው በር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። በልቤ «ዲሲፕሊን ማለት ይህ ነው» አልኩ። የተረፈውን ክትፎ ማን በላው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ምግብ መድፋት ሐራም ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከልምምድ ስትመለስ ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ ነበር። እኔ ራሴ ያዘጋጀሁላትን ቁርስ አቀረብኩ፦ አንድ የተቀቀለ ድንች፣ ግማሽ ካሮት፣ ለብ ያለ ውሃ በሎሚ። ድንቹን እስከ ልጣጩ በላችው። ልጣጩ ቫይታሚን አለው ብላ ነው አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለወጉ ያህል፣ ይጨመርልሽ ወይ ስላት «አይ ጋሼ፣ ቁፌራ» አለች። እኔም ጎበዝ ብዬ ሰሃኑን አነሳሁ።

እሷን ብቻዋን መተው ነውር ስለመሰለኝ ያን ቀን እኔም እንደ አትሌት ልብላ ብዬ ወሰንኩ። ድንቼን በላሁ፣ ካሮቴን በላሁ፣ ሱቅ ገባሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ። አምስት ሰዓት ላይ የአንድ መምህር ኮት የምሰፋ መሰለኝ፤ ቀና ብዬ ሳየው እጅጌውን ከሱሪው እግር ጋር ገጥሜው ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁን ገርበብ አድርጌ በጓሮ በኩል ወደ ፉል ቤት ሄድኩ። የሁለት ሰው ፉል በአራት ዳቦ ጠርጌ፣ አፌን በሜትሬ ጠርጌ ተመለስኩ። አትሌት ከእኛ የተለየ ፍጥረት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የተሸነፍኩለትን ረሃብ እሷ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ፣ የሚያልፈውን የሳምቡሳ ትሪ ዓይኗን ሳትነቅል እያየች፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አርብ ዕለት ሰፈሩ ሰማ። ከሁሉ በፊት የደረሱት ጎረቤታችን እማማ ፋጡማ ናቸው። «ሯጯ ትብላልኝ» ብለው በአገልግል ጭኮ ይዘው መጡ። ጭኮ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የሚታሽ የዚህ አገር ስንቅ ነው። ቅቤውን ከበር ላይ አሸተትኩት፤ አምና አስፋልት ላይ የቀረው ጨጨብሳ ትዝ አለኝ። ለእማማ ፋጡማ ግን አትበላም ማለት አይቻልም፤ ይቀየማሉ። ስለዚህ ተቀብዬ ሱቅ አስገባሁትና ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብዬ ጨረስኩት። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ወደደችው ወይ አሉኝ። በጣም አልኳቸው። አልሃምዱሊላህ ብለው የፊተኛውን እጥፍ የሚሆን አመጡ። ጎረቤቶቹ የእማማ ፋጡማ ጭኮ እንደተወደደ ሲሰሙ የእነሱ ምን ጎድሎት ነው ብለው ተነሱ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አንድ የቡላ ገንፎ፣ አንድ ሰሃን ዱለት፣ ማር የተቀባ አምባሻ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ነገር ደጄ ላይ ደርሶ ሆዴ ውስጥ ገብቷል። አሥር ተኩል ላይ የሱሪዬ ቁልፍ ተፈናጥሮ የስፌት መኪናዬን መታው። ልብስ ሰፊ ነኝና ወገቡን ፈትቼ አሰፋሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደግሜ ፈታሁት።

ኢፍቱን ደግሞ ለካኋት። ወገቧ ከረቡዕ ወዲህ ጣት የሚያክል ቀንሷል። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለአባ ዱራ ደውዬ ልጅህ ላባ ሆናለች አልኩት። እሱም ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ መረቀኝ።

ስልኩን ስዘጋ ዘምዘም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ አገኘኋት።

«ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ ርቧታል።»

«ጠይቄያታለሁ እኮ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። የሴት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት፤ ከስልኩ የተማረ ሰው ከሚስቱ ምን ይማራል።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ አጋሮ ተሳፈርን። መኪናው በቆመበት ሁሉ ሙዝ ሻጮች መስኮታችን ላይ ይንጠለጠላሉ። ኢፍቱ ሙዞቹን አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ሽታው እንዳይረብሻት መስኮቱን ዘጋሁላት።

አጋሮ ስንደርስ ሯጮቹ ሁሉ አንድ ሆቴል ምሳ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ኢፍቱን ጥግ ላይ አስቀምጬ የሌሎቹን ቅጠል ልቆጥር ዞር ዞር ማለት ጀመርኩ። ቅጠል አላገኘሁም። አንዲት ልጅ አየሁ፤ ከኢፍቱ የምትቀጥን፣ ነፋስ ይወስዳታል የምትሏት። ፊቷ የተቆለለው መኮሮኒ የልጅቷን ፊት ይሸፍናል። አጠገቡ ድንች አለ፣ እንቁላል አለ፣ ሦስት ዳቦ አለ። ሁሉንም በጸጥታ ጨረሰችና አስተናጋጁን ጠርታ ሩዝ አዘዘች። አዘንኩላት። ይቺስ አለቀላት ብዬ፣ ለምክር ያህል፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ወዳንጠለጠለው የክለቡ አሰልጣኝ ጠጋ አልኩና ልጅቷን እንዲያስቆማት ነገርኩት።

አሰልጣኙ ልጅቷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ሆዴ ላይ ዋለ።

«እሷ ዘንድሮ በዞኑ ውድድር አንደኛ የወጣችው ናት፣ አባት» አለኝ። «በየጠዋቱ ያን ሁሉ የሚሮጥ ሰው እርስዎ የሚበሉትን ሁለት እጥፍ ቢበላም አይበዛበትም። እነሱ የበሉትን ሮጠው ይጨርሱታል። እኛ ነን ተሸክመነው የምንዞር። ሯጭ የምትጠነቀቀው የሩጫው ጠዋት ነው፤ ቅባት እንዳይበዛባት። በፊት ባሉት ቀናትማ ካልጠገበች በምን ትሮጣለች?»

ዞር ስል አስተናጋጁ ኢፍቱ ጋ ቆሞ ምን ይምጣልሽ ይላታል። በቀጭኗ ድምፅዋ «በልቻለሁ» አለችው። እሱም እሺ ብሎ ሄደ። በዚች ዓለም ላይ የመጀመሪያውን እምቢታ አምነን የምንሄድ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ የሆቴል አስተናጋጅና እኔ።

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ከንፈሯ ደርቋል። ኢፍቱ ርቦሻል ወይ አልኳት። «አይ ጋሼ፣ ቁፌራ» አለች፤ ዓይኗ ግን የመኮሮኒው ተራራ ላይ ነበር። ሁሉ ነገር ያኔ ተገለጠልኝ። ዲሲፕሊን አይደለም። ልጅቷ ከረቡዕ ጀምሮ ሦስተኛውን ልመና እየጠበቀች ነው። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው አላለፍኩላትም፤ በዚያ ላይ ድርሻዋን እየበላሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እንባዬ መጣ። አራት ቀን ጉሮሮዬ ላይ ያፈንኩት ወላሂ በሙሉ አንድ ላይ ወጣ።

«ወላሂ ትበያለሽ! ወላሂ፣ ወላሂል አዚም!»

አንዱ ሯጭ ደንግጦ ሹካውን ጣለ። ኢፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከመሬት አንስታ አየችኝና «እንግዲህ ካሉ» አለች።

ምን እንደበላች አልዘረዝርም፤ ወገቧ ይመስክርልኝ። መኮሮኒው በሁለት ሰሃን እንደመጣ፣ ሩዙም እንደተከተለ፣ አስተናጋጁ በመጨረሻ መጠየቁን ትቶ ዝም ብሎ ማምጣት እንደጀመረ ብቻ እወቁልኝ። ትንሽ ሲረጋጋላት ለምን ርቦኛል እንዳላለችኝ ጠየቅኳት። የጠየቅኳት ነገር ገርሟት ነው መሰል ዳቦውን አስቀመጠች።

«ሰው ቤት ተቀምጦ እንዴት ርቦኛል ይባላል፣ ጋሼ? እናቴ ብትሰማስ?»

እራትም እንዲሁ ሆነ። እሁድ ጠዋት አሰልጣኙ ለሁሉም እንዳዘዘው ዳቦ በማር፣ አንድ ሙዝና ሻይ ቀመሰች። እኔ ምንም አልበላሁም። ቅጣት መሆኑ ነው።

ሩጫው ከተማውን ሁለት ጊዜ ይዞራል። እኔ ገበያው አጠገብ ገመዱን ይዤ ቆምኩ። ሕዝቡ «ጀባዱ! ጀባዱ!» እያለ ሲያበረታታ የመጀመሪያው ዙር አለፈ። ኢፍቱ ስምንተኛ ነበረች። ከፊቷ ያሉትን ሰባቱን አየኋቸውና አወቅኳቸው። አንደኛዋ የረቡዑ ክትፎ ናት። ሁለቱ የእማማ ፋጡማ ጭኮዎች ናቸው። አንዷ ገንፎው፣ አንዷ ዱለቱ፣ አንዷ አምባሻው። ያቺ ቀይ ቁምጣ የለበሰችው ስሙን የማላውቀው ምግብ ናት። ሁሉንም ከልጅቷ ፊት ያሰለፍኳቸው እኔ ነኝ። አባ ዱራ ምን ይለኛል? ልጅቷ ቤት ስትቀመጥ፣ እኔ በየዒዱ የአባቷን ወገብ በምን ዓይኔ እለካለሁ?

በሁለተኛው ዙር ብቅ ስትል ገመዱን ዘልዬ አብሬያት ሮጥኩ። ሮጥኩ ስላችሁ ሮጥኩ ነው። ሁለት ጊዜ የተፈታው ሱሪዬ ቁልፍ ስለሌለው በአንድ እጄ ወገቤን ይዤ፣ በሌላው እያወዛወዝኩ፣ «ኢፍቱ፣ ወላሂ ትገቢያለሽ!» እያልኩ ከመስጊዱ ጥግ እስከ ነዳጅ ማደያው ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ለጓደኛቸው የወንዶቹም ተጀመረ እንዴ ሲሉ ሰምቻለሁ። ኢፍቱ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ሳቀችም። ከዚያ እግሯ ረዘመ። ክትፎውን አለፈችው። ጭኮዎቹን አለፈቻቸው። ዱለቱን ስታልፍ እኔ ማደያው አጠገብ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፤ አንዲት ሸንኮራ ሻጭ ውሃ እያፈሰሰችብኝ።

መጨረሻውን አላየሁትም። ጩኸቱን ብቻ ሰማሁ። ሱሪዬን ይዤ፣ በየአሥር እርምጃው እያረፍኩ ስደርስ አሰልጣኙ ወረቀት ይዞ ሦስት ልጆች ፊት ቆሟል። ሦስተኛዋ ኢፍቱ ናት። እግሯ ይንቀጠቀጣል። አልሃምዱሊላህ ያልኩት በጣም ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ፖሊስ ዞሮ አይቶኛል።

አሰልጣኙ መኪና ስለሚጠብቀው ተጣድፏል። ሆቴሉ ገብተን ምሳ እየበላን ወረቀቱን እንሞላለን፣ ነይ አላት። ኢፍቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ።»

አሰልጣኙ የአዲስ አበባ ሰው ነው። «እሺ፣ ካልፈለግሽ» አለና ወረቀቱን ይዞ ወደ አራተኛዋ ልጅ ዞረ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላውቅም። ክንዱን ይዤዋለሁ። የያዝኩት ሱሪዬን በያዝኩበት እጅ ስለነበር ዝርዝሩን እንለፈው። «ውሸቷን ነው» አልኩት ትንፋሽ እያጠረኝ። «አልበላችም። ሦስቴ ነው የምትጠየቀው። ከረቡዕ ጀምሮ ያላለቀ ጥያቄ አለባት፤ በአላህ ጠይቃት።»

አሰልጣኙ ግራ ገብቶት እሷን አያት። ኢፍቱ እኔን አየች፣ ሱሪዬን አየች፣ ወረቀቱን አየች።

«ርቦኛል» አለች።

ያቺን ቃል ሰው ፊት ለማውጣት ከአሥሩ ኪሎ ሜትር የበለጠ ጉልበት እንደጨረሰች ፊቷ ላይ አየሁት። እኔ ልብስ ሰፊው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ አጋሮ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። አሰልጣኙ ሳቀና ስሟን መዝግቦ ወደ ሆቴሉ አሳያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አባት፣ እርስዎም ይምጡ፣ ምሳ አብረን እንብላ» አለኝ።

ከትናንት እራት ወዲህ እህል አልቀመስኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጫለሁ። ሆዴ እንደ ባዶ ስልቻ ተጣብቋል። አፌ ግን እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«ኧረ በልቻለሁ» አልኩ።

«እሺ» አለና ሄደ።

ቆሜ ቀረሁ። ከሆቴሉ በር የሩዝ ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ ኢፍቱ በሩ ላይ ቆም አለች፤ ዞረች፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እግሯ ተመልሳ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ ወላሂ ይበላሉ» አለችኝ።

ሁለተኛ አላስለመንኳትም።